ለአጭር የሲኒማ ድርሰት ውድድር ስለሚጽፉ ልጆች

በዛሬ ዘመን በብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። ልጁ ከራት በኋላ ወደ ጓዳ ይገባና መብራቱን ሳያጠፋ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል። አባቱ «ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «አጭር የሲኒማ ድርሰት እጽፋለሁ፤ ለውድድር የሚላክ ነው» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ አባትየው ወይ ይሥቃል፤ ወይ ይቈጣል። የሚሥቀው ነገሩ የልጅ ጨዋታ ስለሚመስለው ነው፤ የሚቈጣው ደግሞ ለትምህርቱና ለሥራው ስለሚያስብለት ነው። ሁለቱም ግን ወረቀቱን አንሥተው ሳያነቡት ይቀራሉ።

ይህነን የምንጽፈው በቅርብ የምናውቀው አንድ ቤት በዚህ ነገር ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ስለ ነበረ ነው። ቤቱ ከመንዝ ወገን፥ ከቀየት የመጣ ቤት ነው። አባትየው ብዙ ዘመን በዳኝነት አገልግለው በክብር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለ ወጣት ነው። ስማቸውን መግለጽ አያስፈልግም። የነገሩን ዝርዝር ወደ ኋላ እንናገረዋለን፤ አስቀድሞ ግን «የጨዋ ልጅ እንዲህ ባለ ነገር ይጠመዳልን?» ለሚሉ ሰዎች ጥቂት ማስታወስ ይገባናል።

የመንዝና የመርሐቤቴ ደጋ ገብስና በግ ብቻ የሚያበቅል አገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በመርሐቤቴ፥ ዴን በሚባለው ስፍራ ነው። አገራቸውን በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት እያገለገሉ መጻሕፍት መጻፍ አላቋረጡም፤ በ1931 ዓ.ም. በስደት በእንግሊዝ አገር እስካረፉ ድረስም ብዕራቸው አልተለያቸውም። ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1909 ዓ.ም. በመንዝ ግሼ፥ ግርም ገብርኤል በተባለ መንደር ተወለዱ። «የትንቢት ቀጠሮ» የተባለውን የግጥም ቴአትር የጻፉ፥ የሼክስፒርንም «ሮሜዎና ዡልየት» ወደ አማርኛ የመለሱ እርሳቸው ናቸው። ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፥ ከደብረ ብርሃን አካባቢ በ1876 ዓ.ም. የተወለዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ አገር ተምረው ተመለሱ። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፥ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የቆሙ ሰው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በአማርኛ ተጽፎ በመድረክ ከታየው የመጀመሪያው ነው ተብሎ የሚቈጠረውን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የጻፉም እርሳቸው መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የዚያን ድርሰት መነሻ ማንሣት ለርእሳችን ይጠቅማል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል «ቴአትር» ተብሎ የቀረበውን ዘፈንና ጭፈራ አይተው ቴአትር ማለት ይህ አይደለም አሉ፤ ታዲያ ምንድር ነው ቢሏቸው በቃል ከማስረዳት ይልቅ ጽፈው አሳዩ። አውሬዎችን እያናገሩ የሰውን ግብር የሚገልጹበት ጨዋታ ስለ ሆነ ግን ታላላቆቹን ደስ አላሰኘም፤ በንግሥት ዘውዲቱም ዘመን ቴአትር ማሳየት ተከለከለ። እንግዲህ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቴአትር ደራሲ ያገኘው ሽልማት ክልከላ ነበረ ማለት ነው። ልጁ በውድድር ተሸንፎ ሲያዝን የሚያይ አባት ይህነን ቢነግረው ጥሩ ማጽናኛ ይሆናል።

ሲኒማም ቢሆን በክብር አልተቀበሉትም። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ሰው የተደረሰው «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ረጅም ፊልም በ1957 ዓ.ም. እስኪታይ ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል። ድርሰቱን የጻፉት እላላ ኢብሳ ነበሩ። ወደ ዛሬው ዘመን ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በኢጣልያ አገር በቬኒስ ከተማ በተደረገው ታላቅ የፊልም በዓል ላይ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የሲኒማ ድርሰት ሽልማትን አንድ ላይ ወሰደ። የሲኒማ ድርሰት ሽልማት ማለት ለፎቶግራፉ ውበት ወይም ለተጫዋቾቹ ብልሃት የሚሰጥ ሳይሆን በወረቀት ላይ ለተጻፈው ነገር የሚሰጥ ነው። በሚቀጥለው በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ያው ፊልም በቡርኪና ፋሶ በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪካ የፊልም በዓል አንደኛ ሆነ።

ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ሰው ናቸው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ቴአትር እየጻፉ በየአገሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ልጁም ከአባቱ ጨዋታ ጋራ አደገ። በ1959 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደው ተማሩ፤ በዋሽንግተንም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተማሩ። «ጤዛ»ን ከሐሳቡ ወደ ፍጻሜው ለማድረስ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። የቤተሰብ ገጽ አንባቢ ከዚህ ሁሉ አንዱን ነገር ልብ ቢል ደስ ይለናል፤ ይኸውም ልጁ በቬኒስ ከመሸለሙ ከብዙ ዘመን በፊት አባቱ በቤት ውስጥ ድርሰት የሚያነብ ሰው መሆኑን ነው።

አሁን ወደ አጭሩ ድርሰት እንመለስ። የአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ አጭር ፊልም የሚለው ከ40 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው። ለጀማሪዎች የሚደረጉት ውድድሮች ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ፥ 10 ወይም 15 ገጽ የሚሆን ድርሰት ይጠይቃሉ። በሲኒማ ልማድ አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ይገመታል፤ ስለዚህ 10 ገጽ የጻፈ ሰው 10 ደቂቃ ያህል የሌላውን ሰው ዓይንና ጆሮ ተበደረ ማለት ነው። የአጻጻፉም ሥርዓት የታወቀ ነው። በእያንዳንዱ ትዕይንት ራስ ላይ ስፍራው ቤት ውስጥ ይሁን በሜዳ፥ ጊዜውም ቀን ይሁን ሌሊት ይጻፋል። ከዚያ በታች የሚታየው ነገር በአጭር ቃል ይነገራል፤ የተናጋሪው ስም ከተጻፈ በኋላም የሚናገረው ቃል ይከተላል። ዋናው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ከሚታየውና ከሚሰማው በቀር ምንም አይጻፍም። በልብ ወለድ መጽሐፍ «ሰውየው የቀድሞ ዘመኑን እያሰበ አዘነ» ተብሎ ሊጻፍ ይቻላል። በሲኒማ ድርሰት ግን እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም፤ ካሜራ ሐሳብን አያነሣምና።

ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃናን ነው፤ ይህም ሁለት ቤት ብቻ ያለው ነው። በእነዚያ በሁለቱ ቤቶች ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም ማግባት አለበት። ቅኔውን በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ያፈርሰዋል፤ ተማሪውም በማግሥቱ አዲስ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን መልሶ ቢያመጣ ነውር ነው። ሥላሴና መወድስ ወደሚባሉት ረዣዥሞች የሚደርሰው በዚህ ከደከመ በኋላ ነው። አጭሩን የሲኒማ ድርሰት እንደ ጉባኤ ቃና ያየው ሰው ስለ ውድድሩም ትክክለኛ አሳብ ይኖረዋል፤ ውድድሩ የመምህሩ ፊት ነው፤ ማዕርግ መቀበያው አይደለም።

እንግዲህ ስለ ቀየቱ ወጣት እንናገር። ልጁ ስለ ጓሳ አንድ ድርሰት ጻፈ። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የሣር አገር እንደ ሆነ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሣ ይሆናል። ከጥንት ጀምሮ ባለ ርስቶቹ «ቀሮ» በሚሉት ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ሣሩ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይከለከልና ቀኑ ሲደርስ ለሁሉ ይከፈታል። የሚያስጠብቁትም ሹሞች «አባ ቀራ» ይባሉ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ እንደ ቀድሞው ቆየ። የወጣቱ አያት በዚያ ዘመን አባ ቀራ ነበሩ።

ድርሰቱ እንዲህ ነበር። በአንድ ቤት ክዳኑ አርጅቶ ዝናብ ያፈሳል፤ እናት ታማለች፤ ጓሳው ግን ገና አልተከፈተም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማጭድ ይዞ በሌሊት ይወጣና ሣሩን ያጭዳል። አባቱ ደግሞ ሣሩን የሚያስጠብቁት አባ ቀራ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ ያማረ ነው፤ ከሕግና ከእናት አንዱን መምረጥ የትም አገር ያለ ሰው የሚረዳው ጭንቅ ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን ጥሩ አልነበረም። 14 ገጽ ሆኖ ከእነዚያ አራቱ ገጾች ሰላምታ ነበሩ። የመንዝ ሰው ሲገናኝ ስለ ቤቱ፥ ስለ ልጆቹ፥ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳይ እንደማይገባ የታወቀ ነው፤ በኑሮ መልካም ባህል ነው፤ በ14 ገጽ ድርሰት ውስጥ ግን ቤት ማቃጠል ነው። ከዚያም እናት ለልጇ «እንደምታውቀው ጓሳው ከተከለከለ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አባትህም አባ ቀራ ናቸው» ትለዋለች። ልጁ የሚያውቀውን ለምን ትነግረዋለች? የምትናገረው ለተመልካቹ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በመጨረሻው አባትየው ስለ ሕግና ስለ አባትነት አንድ ገጽ ሙሉ ንግግር ያደርጋሉ፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ድርሰቱም ያበቃል።

አባት ሆዬ ይህን ሳያነቡ ነበር የተቈጡት። «ወይ ተወዳድረህ ሽልማቱን አምጣ፤ ወይ ይህነን ነገር ተወውና ለሕግ ትምህርትህ ተዘጋጅ» አሉት። ልጁም ላከ፤ አልተመረጠም። የመጣለት መልስ ሁለት መሥመር ነበረ፤ ታሪኩ ዘግይቶ ይጀምራል፥ ሰዎቹም የሚሰማቸውን ሁሉ በአፋቸው ይናገራሉ የሚል ነው። ብዙ ጀማሪዎች እንዲህ ያለ መልስ ሲደርሳቸው ዳኛውን ይሰድባሉ። ይህም ሳምንት ያህል ሰደበ፤ ከዚያ በኋላ ግን አራቱን ገጾች ቀደደ። በእኛ አስተያየት ደራሲ የሆነው በዚያ ቀን ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍ በጠብታ ጀመረ። ሌሊት ነው፤ ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ በምድጃው ፍም ላይ አንድ በአንድ ይወድቃል፤ ፍሙ ይጮኻል፤ ይጠቁራል። የታመመች ሴት ትስላለች። ልጁ ፍሙን ወደ ጐን ይገፋዋል፤ ጠብታው ሌላ ስፍራ ይወርዳል። እስከዚህ አንድም ቃል አልተነገረም፤ ግን ሁሉ ነገር ታወቀ። ድርሰቱም ከ14 ገጽ ወደ 9 ወረደ።

ስለ ውድድሩ ሥርዓት ጥቂት ቃል ጣልቃ እናግባ፤ ወላጆች በዚህ በኩል ሊረዱ ይችላሉና። የውድድሩን ደንብ ከልጁ ጋራ ሆኖ ማንበብ ይገባል። የገጹ ቍጥር፥ ቋንቋው፥ የመጨረሻው ቀን የተወሰነ ነው፤ ከተፈቀደው አንድ ገጽ ቢያልፍ ሳይነበብ የሚጥሉ አሉ። ገንዘብ የሚያስከፍል ውድድር የሆነ እንደ ሆነ ዳኞቹ እነማን እንደ ሆኑ፥ ከዚህ በፊት የተሸለሙትም ድርሰቶች ፊልም ሆነው እንደ ታዩ መጠየቅ ነው፤ መልስ ከሌለ ገንዘቡ በኪስ ይቈይ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስፈልገው ድርሰቱን የላከ ሰው መብቱን አብሮ ሰጥቶ እንዳይሆን መመርመር ነው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 መሠረት ድርሰት ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ የጸሓፊው ነው፤ ባያስመዘግበውም መብቱ ይጠበቅለታል፤ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ለወራሾቹ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሳያነቡ የፈረሙትን ወረቀት አዋጅ አያድነውም። ይህነን ለሹማምንት መንገር ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ይሆናል፤ ልጆቻቸው ግን አያውቁትም።

ሌላው ችግር ትርጕም ነው። የውጭ አገር ውድድር ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ወጣቱ «ቀሮ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ለመፍታት አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፎ ነበር። ያንን አውጥቶ ቃሉን እንዳለ ተወው፤ በምትኩ አባ ቀራው ከኮረብታ ላይ ቆመው በሣሩ ዳር የሚያልፈውን እረኛ በዱላቸው ምልክት ብቻ ሲያስመልሱት የሚታይበትን ትዕይንት ጨመረ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀሮ ትርጕም የጠየቀ አንባቢ የለም።

አሁንም አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። የተጻፈ ንግግር በዓይን ሲነበብና በአፍ ሲነገር አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ልጁ ድርሰቱን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ፈለገ። እኅቱ የእናትን፥ እርሱ የልጁን ቃል ይዘው በሳሎን ውስጥ ማንበብ ጀመሩ። የአባ ቀራውን ቃል የሚይዝ ግን ጠፋ። አባትየው በወንበራቸው ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ይህ ሁሉ የሆነው በምን ወር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በክረምት ነው፥ አባባ፤ በሐምሌ» አላቸው።

«በሐምሌ ጓሳ የሚያጭድ ሰው የት አይተሃል? እርጥብ ሣር ለክዳን አይሆንም፤ ይበሰብሳል። ያቺ እናት ልጇ እንዲህ ያለ ሣር ቢያመጣላት ትሥቅበት ነበር።»

ልጁ ደነገጠ፤ ድርሰቱ ሁሉ የቆመው በዝናቡ ላይ ነበርና። ሽማግሌው ግን ነገሩን አልተዉትም። በመንዝ የበልግ ዝናብ መኖሩን፥ ደረቅ ወራት ነው ሲሉት በየካቲት ወይም በመጋቢት በድንገት የሚመጣ ዝናብ ሰውን ክዳኑን ሳያድስ እንደሚያገኘው፥ ሣሩም በዚያን ጊዜ ደርቆ ለማጨድ የደረሰ እንደሚሆን አስረዱት። የቀሮ መከፈቻ ቀን ገና ጥቂት ሲቀረው ቢሆን ደግሞ የልጁ ጥፋት ይበልጥ ይከብዳል፤ ጥቂት ቀን መታገሥ ይችል ነበርና። ይህ በአንድ ወር ለውጥ ብቻ የተገኘ ነው። ማናቸውም የድርሰት መጽሐፍ ይህነን ሊነግረው አይችልም ነበር።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ትዕይንት ደረሱ። በሁለተኛው ጽሑፍ የአባ ቀራው ንግግር ወጥቶ በምትኩ ሽማግሌው በሌሊት ረጥበው ወደ ቤት ይገባሉ፤ ከምድጃው ዳር ይቀመጣሉ፤ ፍሙ አልጠቆረም፤ ቀና ብለው ክዳኑን ያያሉ፤ ልጃቸው ያደረገውን ያውቃሉ። ጥሩ ነበር። አባትየው ግን ጋዜጣውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና «አባቴ ቀና ብሎ አያይም ነበር» አሉ። «በልጁ ፊት እንዲያ አያደርግም። ቀና ብሎ ካየ ማወቁ ይታወቅበታል፤ ካወቀ ደግሞ መፍረድ አለበት።»

«ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?» አለ ልጁ።

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ መዳፋቸውንም ወደ ላይ አድርገው በወንበራቸውና በጠረጴዛው መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ያዙት፤ ጠብታው ይወርድበት በነበረው ስፍራ ማለት ነው። እንዲያ አድርገው ቆዩ። በዘረጉት እጅ ላይ ምንም አልወረደም። ከልጆቹም የተናገረ አልነበረም።

ይህ በሦስተኛው ጽሑፍ ላይ እንዳለ ገባ፤ ድርሰቱም በተዘረጋው እጅ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉ አራት ጊዜ ታርሟል። አንድ ጊዜ ስለ ማጭዱ አያያዝ፥ አንድ ጊዜ አንዲት የመንዝ ሴት ባሏን በስሙ እንደማትጠራው፥ ሁለት ጊዜም ሽማግሌው ብቻ በሚያውቁት ምክንያት። የሕግ ትምህርቱ ነገር ገና አልተነሣም አልተባለም፤ በየእሑዱ ይነሣል። ሰባተኛው ጽሑፍ 8 ገጽ ተኩል ሆኖ ባለፈው ወር ወደ ሌላ ውድድር ተልኳል፤ መልሱ አልመጣም። ባለፈው ሰሞን ለጥየቃ ከቤታቸው በደረስን ጊዜ ቡናው ሳይፈላ ሽማግሌው «የዚያ ውድድር መልስ በስንተኛው ቀን ነው የሚመጣው ያልከኝ?» ብለው ልጁን ሲጠይቁት ሰማን፤ እኅቱም ከዕለቱ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው መሆኑን በዓይኗ ነገረችን።